«ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም»

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ለተከበሩ የዚህ አምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደሴ ተወልጄ ደሴ ያደግሁ የ42 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ደብዳቤ መጻፍ ልማዴ አይደለም፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ሰሞኑን ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የደረሰኝን አንድ ገጽ ደግሜ ካነበብኩ በኋላ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ፣ የጣድኩትን ወጥ አውርጄ ለእርስዎ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

አባቴ ያረፈው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። የፊታችን ጥር ሙት ዓመቱ ነው። የሕይወት ታሪኩን ታላቅ ወንድሜ አዘጋጃለሁ አለ፤ እኛም የተማረው እሱ ነው፣ ኮምፒውተርም አለው፣ ይጻፍ አልን። የላከው ጽሑፍ ያምራል። ትውልዱ አለ፣ ሙያው አለ፣ «ራሳቸውን ለቤተሰባቸው የሰጡ» የሚል አለ። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ «ሙሉ ጤናማና የተረጋጋ ሕይወት ከመሩ በኋላ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።»

ድንገተኛ! አባቴ ስኳር በሽታ እንዳለበት የታወቀው በ1968 ዓ.ም.፣ በ22 ዓመቱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፣ 49 ዓመት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ሲወጋ ኖሯል። ትናንት ማታ በስልኬ ሳባዛው ከ35 ሺህ መርፌ በላይ መጣ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ኩላሊቱ ደክሞ እያየነው ነው የሄደው። ታዲያ የቱ ነው ድንገተኛ?

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ለሴት ልጁ ሽማግሌ ሊላክ ነው፤ ልጅቷ 22 ዓመቷ ነው። የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦችም ለሙት ዓመቱ ይመጣሉ። «ስኳር የዘር ነው ይላሉ። በገዛ እጃችን ለምን ወሬ እናቀብላለን? እሱ እንደሆነ ሞቷል፣ ቢቀር አይጎዳውም» አለኝ። ያንገበገበኝ «አይጎዳውም» ያለው ነው። ቅሬያችን፣ እናንተ ዘንድ እድር የሚባለው፣ ውስጥ ያሉ አንድ አባትም «ልጄ፣ በሽታ በድንኳን አይነበብም» አሉኝ። እናቴ ሁላችንንም ሰምታ ዝም ብላለች።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ፒያሳ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንገሩን ዘርግቶ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ሱሪ፣ የተቀደደ ካፖርት ይሰፋል። የደሴን ብርድ ካወቁት፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደነዝዛል። እሱ ግን ከሁሉ ቀድሞ ይከፍታል። መርፌውንም የሚወጋው እዚያው ነው። ሸሚዙን ከፍ አድርጎ፣ የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ፣ ከደንበኛው ጋር ስለ ሱሪው ስፋት እየተከራከረ ይወጋል። ፊቱን የሚያዞር ሰው ካየ «አንተ ደግሞ! የተወጋሁት እኔ፣ የምታመው አንተ!» ይለዋል። ከዚያ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሥራውን ይቀጥላል።

ልጅ ሳለሁ ስሪንጁ የመስታወት ነበር። እናቴ በትንሽ ድስት ከሰል ላይ ታፈላዋለች፤ መርፌው ሲዶለዱም አባቴ ራሱ በድንጋይ ይስለዋል። መድኃኒቱ ከደሴ ሲጠፋ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይመጣል። ማቀዝቀዣ የለንም። አንገቱ የተሰበረ እንስራ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ተሞልቶ፣ አሸዋው መሐል ትንሽ ማሰሮ ተቀብሮ፣ ብልቃጡ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል። አሸዋውን ውሃ ማርከፍከፍ የእኔ ሥራ ነበር። በዚያ ዘመን ኢንሱሊን የሚሠራው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነው። ይህን የሰሙ አንድ ሙስሊም ጎረቤታችን «አንተ ሰው፣ አሳማ ጀመርክ አሉ!» ብለው ሲቀልዱበት «እኔ መች በላሁት? እሱ ነው እያበላኝ ያለው» አላቸው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቅበታል። ወንድሜ ይህንንም ይሰርዘዋል ማለት ነው።

ኪሱ ከከረሜላ ተለይቶ አያውቅም። ስኳሩ ሲወርድበት፣ ላብ ሲያጠምቀውና እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ አንድ ሁለት አፉ ውስጥ ይጨምራል። የሰፈሩ ልጆች ግን ለእነሱ የተገዛ ነበር የሚመስላቸው። ይሰጣቸዋልም። እየሰጠ ይቆጥራል፤ ሦስት ሲቀረው «ይቺ የእኔ ናት፣ ሂዱ» ብሎ ኪሱን ይዘጋል።

ማታ ደግሞ እግሩን እናያለን። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ባትሪ የምይዘው እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናውን ሲረግጥበት የዋለውን እግር ታጥቦና በፎጣ አድርቆ ጉልበቴ ላይ ያሳርፈዋል። እኔ ጣቶቹን እየፈለቀቅኩ በመሐላቸው አበራለሁ። «እግሬ ወሬ አይነግረኝም፣ አንቺ ንገሪኝ» ይለኛል። አንድ ማታ ተረከዙ ላይ እስፒል ተሰክቶ አገኘሁ። ጠዋት የረገጣት ትሆናለች፤ እስከ ማታ አልተሰማችውም። እኔ ጮህኩ። እሱ ነቅሎ አወጣት፣ ወደ ባትሪው አስጠግቶ አገላብጦ አያትና «ጠፍታብኝ ነበር» አለ።

እንዲህም ሆኖ መስከረም 21 ግሸን ማርያም አይቀርም፤ መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቆሎና ከረሜላውን ይዞ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰርግ ላይ እስክስታ የሚጀምረው እሱ ነው። ቡናውን በጨው ይጠጣል፤ ይህ እንኳ ከእናቱ የወረሰው ነው፣ ለበሽታው ብሎ አይደለም። ወንድሜን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው፣ እኔን የዳረኝ፣ ያ እግር ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ መብራት ጠፋ፣ መድኃኒት ማግኘት ቀረ። አምስት ሳምንት ያህል እንዲያ ከረምን። ማቀዝቀዣው ባዶ ቁም ሣጥን ሆነና እናቴ የድሮውን እንስራ ከጓሮ አወጣች። እኔ ትዳር ይዤም ከወላጆቼ ግቢ ስላልራቅሁ አሸዋውን የማርከፈክፈው አሁንም እኔው ሆንኩ። ቤት ውስጥ የነበረው ሁለት ብልቃጥ ብቻ ነው። ከጎረቤት አንዲት ልጅ አለች፣ ያኔ 12 ዓመቷ ነበር፣ እሷም እንደ አባቴ በኢንሱሊን የምትኖር። የእሷ አለቀ። አባቴ ይህን ሲሰማ አንዱን ብልቃጥ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝና በአጥር ቀዳዳ አቀበልኩ። ከዚያ በኋላ የሚወጋውንም የሚበላውንም ቀነሰ። ከስቶ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። መንገድ ሲከፈት መጀመሪያ የሠራው ሥራ ያንን ሱሪ ማጥበብ ነው። ልጅቷ ዛሬ 16 ዓመቷ ነው። ስኳሩ ከታሪኩ ከወጣ ይህ የት ይግባ?

እናቴን ሲያገባም አልደበቀም። በ1971 ዓ.ም. ሽማግሌ ሲልክ «መጀመሪያ በሽታዬን ንገሯቸው፣ ከዚያ ልጃቸውን ጠይቁ» ብሎ ነው ይባላል፤ አያቴም ሁለት ሳምንት አስቦ እሺ አለ። ይህን እንኳ እንተወው፣ የድሮ ነገር ነው።

ወንድሜ «አንቺ ደግሞ በሄድሽበት ሁሉ ስኳር፣ ስኳር ትያለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ ሳላወራ የዋልኩበት ቀን የለም። እንቅልፌም ተበላሽቷል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ፣ ውሃዬን ጠጥቼ ተመልሼ እተኛለሁ፤ ሐዘን እንዲህ ነው መሰለኝ። ሰኔ ላይ ልጄን ላሳክም ጤና ጣቢያ ሄጄ አንዲት ነርስ «የአባትሽም ነገር ስላለ» ብላ ጣቴን ወግታ ስኳሬን ለካችኝና 238 አለች፤ ቁርስ በልቼ ስለነበር በሳምንቱ ምግብ ሳልቀምስ እንድመለስ ነገረችኝ። ሥራ በዛና አልተመለስኩም። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ የአባቴ ነው።

ከወንድሜ ጋር በዚህ ዕድሜያችን ተኳርፈን አናውቅም። አሁን ግን ስልኩን ሳየው አላነሳም። ሰው ከነሕመሙ ቢታወስ ነውር ነው ወይ? ሙት ዓመቱ ላይ ያንን ወረቀት ቆሞ ሲያነብ ተነስቼ «ውሸት ነው» ልበል? ወይስ ለቤተሰቡ ክብር ስል ዝም ብዬ እንግዳ ላስተናግድ? ዝም ካልኩ አባቴን ለሁለተኛ ጊዜ የምቀብረው ይመስለኛል።

የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ከደሴ


የአዘጋጇ መልስ

ለልብስ ሰፊው ልጅ፣

ከደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቁጥር በቀይ አስምሬበታለሁ። 35 ሺሁን አይደለም። 238ን ነው።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» ብለሽ አልፈሽዋል። አይደለም፣ እህቴ። ይህን የምጽፍልሽ በኅዳር ነው። ከሰኔ ወዲህ ያሉትን ወራት በጣትሽ ቁጠሪ፣ ጳጉሜንም ጨምሪበት። በሳምንቱ ተመለሺ የተባልሽ ሴት አምስት ወር ሥራ በዝቶብሻል። የወንድምሽን ስህተት ለማጋለጥ መርፌ ስታባዢ ግን አመሸሽ።

ከደብዳቤሽ ግርጌ ስልክ ስለነበር፣ ይህ ከመታተሙ በፊት ደውዬልሻለሁ። ስለ ወንድምሽ ሩብ ሰዓት አወራሽኝ። «አንቺስ? ተመለስሽ ወይ?» ስልሽ «ወጥ እየከሰለብኝ ነው» ብለሽ ዘጋሽው። እኔም ብዙ ወጥ አክስያለሁ፤ ድምፁን አውቀዋለሁ። ያ ወጥ አልከሰለም።

ሐዘን እንቅልፍ ይነሳል። ሐዘን ግን በሌሊት አራት ጊዜ ሽንት ቤት አያመላልስም፣ በውሃ ጥምም አያስነሳም። ይህን ደግሞ ከእኔ ይልቅ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ በዚያ ቤት አድገሽ የማታውቂ ለመምሰል እንዴት ብትደክሚ ነው? እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ነገር ግን የጠየቅኋቸው ሐኪም የሚሉት ግልጽ ነው። ቢያንስ ስምንት ሰዓት ምግብ ሳይቀመስ ተለክቶ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነና በሌላ ቀን ሲደገምም ይኸው ከመጣ፣ ስኳር በሽታ ነው። ተበልቶም ቢሆን 200 እና ከዚያ በላይ ሆኖ እንዳንቺ ጥማትና የሽንት ብዛት ከተጨመረበት፣ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለውም። አንቺ 238 ነሽ።

ለምን እንዳልተመለስሽ የገባኝ ይመስለኛል፤ ብሳሳት ትጽፊልኛለሽ። ስኳሩ ካለብሽ ወንድምሽ አሸነፈ ማለት ነው። «ይኸው! የዘር ነው አላልኩም?» ይላል። የልጁ ጋብቻ ቢፈርስ ምክንያቷ አንቺ ልትሆኚ ነው። ስለዚህ የአባትሽን በሽታ በአደባባይ ካልተነበበ ብለሽ ትሟገቻለሽ፣ የራስሽን ግን ከባልሽ ጭምር ደብቀሻል። ባልሽ ያውቃል የሚል አንድ መስመር ከደብዳቤሽ ፈልጌ አጣሁ። ወንድምሽ በሞተ ሰው ላይ የሚያደርገውን አንቺ በቁምሽ ራስሽ ላይ እያደረግሽው ነው። እኔ ደግሞ ከሁለታችሁ ይልቅ አንቺን ነው የምቆጣው፤ እሱ ቢያንስ የሞተውን ነው የሚደብቀው።

ሚዛናዊ መልስ ከእኔ አትጠብቂ። እናቴ ደም ግፊት እንደነበረባት ያወቅነው ከቀብሯ በኋላ ነው። ሣጥኗን ስንከፍት መሐረብ ጥግ ላይ የተቋጠረ የሕክምና ካርድ አገኘን። ሰባት ዓመት የቆየ ካርድ ነው። አንድ ቀጠሮ ሄዳለች፤ ሁለተኛው ላይ ቀኑ ተጽፏል፣ ምልክት የለበትም። እኛን ላለማስጨነቅ ነበር። እኔ ያን ካርድ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም፣ ይቅርታ ማድረጌንም እርግጠኛ አይደለሁም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት በየለቅሶው እንሰማዋለን፤ እናቴም ለሌላው ሰው ትተርተው ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ምናልባት ታለቅሺ ይሆናል። ያንቺ ስኳር የአባትሽ ላይሆን ይችላል። አባትሽ በ22 ዓመታቸው ታመው ከመጀመሪያው በኢንሱሊን የኖሩ ሰው ናቸው። ያ አንደኛው ዓይነት የሚባለው ነው፤ ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን የሚያመነጨውን የቆሽት ክፍል ሲያጠፋ የሚመጣ። አንደኛው ዓይነት ካለበት አባት ከሚወለዱ 100 ልጆች ከ90 የሚበልጡት አይዛቸውም። በ42 ዓመት የሚመጣው ግን በአብዛኛው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ኢንሱሊኑ እያለ ሰውነት በአግባቡ አልጠቀምበት ሲል። ስማቸው አንድ፣ መንገዳቸው ሁለት። ያንቺው አብዛኛውን ጊዜ በኪኒን፣ በምግብና በእግር ጉዞ ነው የሚጀመረው። የቱ እንደሆነ ሐኪሙ ይለየዋል።

ዘር አጥብቆ የሚከተለው እንግዲህ የአባትሽ ሳይሆን ያንቺኛው ነው። ወንድምሽ የሚፈራው ያልሆነውን ነው። ሊለካ የሚገባውም እሱ ነው፤ 46 ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ይውላል፣ እህቱ 238 ናት። ይህን የሚነግረው ግን የለም፤ እህቱ ወጥ እየከሰለባት ነው።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ድንኳን ውስጥ ተነስተሽ «ውሸት ነው» እንዳትዪ። ድንኳን ውስጥ የተባለ ነገር ድንኳኑ ሲጠቀለል አብሮ አይጠቀለልም፤ ሰዉ ወደየቤቱ የሚሄደው የአባትሽን ታሪክ ሳይሆን የልጆቻቸውን ጠብ ይዞ ነው። ወንድምሽን ደግሞ ክፉ አድርጌ እንድስልልሽ አትጠብቂ። ሴት ልጅ ያለው ሰው ይፈራል። የፈራው ግን ስለ እሷ ነው፣ እሷን ማንም አልጠየቃትም። 22 ዓመቷ ነው፤ የአያቷን ከረሜላ የበላች ልጅ ናት። የእጮኛዋ ቤተሰብ በኋላ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቶ «ደበቃችሁን» ቢል ሰርገኛዋ እሷ ናት፣ አባቷ አይደለም።

«ይህን እንኳ እንተወው» ያልሽውን ደግሞ እኔ አልተውም። በ1971 ዓ.ም. አንድ ሰው ሽማግሌዎቹን «መጀመሪያ በሽታዬን ንገሯቸው» ብሎ ላከ። አያትሽ ሁለት ሳምንት አሰቡ። እስቲ ያን ሁለት ሳምንት አስቢው፤ አባትሽ በረንዳው ላይ ሲንገሩን ሲረግጡ፣ ደንበኛ መጣ ብለው ቀና ባሉ ቁጥር ሽማግሌ ሲፈልጉ። ከዚያ እሺ ተባለ። ወንድምሽ የተወለደው ከዚያ እሺታ ነው። ያኔ እንደ እሱ የሚያስብ አማካሪ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ወረቀቱን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ይህን ለወንድምሽ የምትነግሪው ግን አንቺ አይደለሽም። እናትሽ ናቸው። ዝም አሉ ብለሽኛል። ዝምታቸው ስምምነት የመሰለሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ የገዛ ትዳራቸው ታሪክ ነው እየተሰረዘ ያለው፣ አንዳችሁም ግን «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላችሁ አይመስለኝም። ወንድምሽ ለሙት ዓመቱ ሲመጣ፣ እንግዳ ሳይሞላ በዋዜማው፣ ቡና ይፈላ። እናትሽ፣ እሱ፣ ልጁና አንቺ ብቻ ሁኑ። ጨዉም ይቅረብ። እናትሽ ያን ሽማግሌ የመጣበትን ቀን ይንገሩት፣ ምን እንደለበሱ፣ አያትሽ ምን እንዳሉ። ወሎ ላይ በቡና መሐል የእናት ቃል ከወደቀ በኋላ ኮምፒውተር የሚያነሳ ወንድ ልጅ አላየሁም።

ግን ከዚያ በፊት ውጤትሽን ይዘሽ ነው የምትቀመጪው። ባዶ እጅሽን ቀርበሽ ስለ እውነት እንዳታወሪ።

ስለ ጽሑፉ አንድ ጭቅጭቅ አለኝ። ወንድምሽ ተረትቶ ስኳሩን ለማስገባት እሺ ቢል፣ የሚጽፈው ከወዲሁ ይታየኛል፦ «ለረዥም ዓመታት የስኳር ሕመምተኛ ቢሆኑም ደስተኛና ሙሉ ሕይወት ኖረዋል።» ያን «ቢሆኑም» አስወጪው። ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢ። የአሳማው ቀልድ፣ ኪስ ውስጥ የሚቆጠሩት ሦስት ከረሜላዎች፣ ባትሪው፣ እስፒሏ፣ በአጥር ቀዳዳ ያለፈው ብልቃጥ፤ ከእነዚህ የቱ ነው «ቢሆኑም»? በሽታው በአንድ በኩል፣ ኑሮው በሌላ በኩል ተቀምጦ አላየሁም። አባትና ልጅ በየማታው ለዓመታት ተቀምጠው እግር እንዲያዩ ያደረገ ሌላ ምን ነገር ታውቂያለሽ? እኔ አባቴ ጤነኛ ነበር፤ እግሩን አይቼ አላውቅም።

እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ «ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በኢንሱሊን ኖረዋል። በ2014 ዓ.ም. ከቀሯቸው ሁለት ብልቃጦች አንዱን ሰጥተዋል።» በቃ፣ ቅጽል አያስፈልገውም። ለማን እንደተሰጠ ግን ስም አይነበብ። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው፣ እሷም ነገ ሽማግሌ ይመጣባታል፤ ልትናገር ከፈለገች ራሷ ትናገር፣ ካልፈለገች ያንቺ ታሪክ አይደለም። ይህን የሚያነብብ የኢንሱሊን ተጠቃሚ ካለ ደግሞ አደራ፦ ሐኪም ሳያዝ መጠን መቀነስ ከሞት አፋፍ ላይ መራመድ ነው። አባትሽ ያደረጉት ጦርነት ስለነበር ነው፤ ለሌላ ጊዜ አርአያ አይሆንም።

ስለዚህ በመጪው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ እራት በጊዜ በልተሽ ካደርሽ በኋላ፣ ምንም ሳትቀምሺ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ሂጂ። ውሃ መጠጣት ትችያለሽ። ነርሷን ካገኘሻት ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ካንቺ ይልቅ አባትሽን ያስታወሰች እሷ ናት። ኩላሊትሽንና ዓይንሽን እንዲያዩልሽ ጠይቂ። ባልሽን ይዘሽው ሂጂ፣ መንገድ ላይ ንገሪው፤ ከደሴ ዳገት ላይ ሆኖ የሚቆጣ ሰው ትንፋሽ ስለሚያጥረው አጭር ይሆናል።

እግርሽንም የሚያይልሽ ሰው ያስፈልግሻል። የልጆችሽን ዕድሜ ልጠይቅሽ ነበር፣ ወጡ ቀደመኝ። ስምንት የሞላው አለ?